የሽመላዎቹ ስለት

«ግባ፣ ግባ። ወደ ግድግዳው ተጠግቷል» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

ባርኮት በደረቱ ተኝቶ ግማሽ አካሉን አልጋው ሥር ከትቶ ነበር። አቧራው አስነጠሰው። እጁ መጀመሪያ አሮጌ ሻንጣ፣ ቀጥሎ የጫማ ካርቶን፣ በመጨረሻ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ነካ። ጎትቶ አወጣውና አልጋው ላይ አስተኛው።

«እሱ ነው! ቀስ ብለህ ፍታው፤ ዘርፉ እንዳይበላሽ።»

ፕላስቲኩ ሲፈታ ቀይ ከፋይና ወርቃማ ዘርፍ ብቅ አለ። ታቦት ሲወጣ ካህናቱ የሚዘረጉት ዓይነት ጥላ ነው። ጋሽ መኩሪያ፣ ዓይናቸው ገና ስላልጠራ፣ ጥቁር መነጽራቸውን እንዳደረጉ በጣታቸው ዳበሱት። ዓይናቸውን በቀዶ ሕክምና ከተሠሩ ወዲህ ቀና ብለው ሲቀመጡ ባርኮት ያያቸው ዛሬ ገና ነው። ሐኪሙ ዓይናቸው ውስጥ ያስገባው አየር ቦታውን እንዳይለቅ ቀንም ሌሊትም በሆዳቸው ተኝተው፣ ፊታቸውን ወደ ወለሉ ደፍተው እንዲሰነብቱ አዟቸው ነበር።

«ለማን ነው ጋሼ?»

«ለኪዳነ ምሕረት። ስለት ነው። ነገ መስቀልም እሑድም ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ ባለበት አስገባዋለሁ። አብረኸኝ ትሄዳለህ።»

«ለዓይንዎ ነው የተሳሉት?»

ጋሽ መኩሪያ ሳቅ አሉ። «ኤልፍነሽም እንደዚያ ነው የመሰላት። እናትህም። እኔም ይሁን ብዬ ዝም አልኳቸው።» ኤልፍነሽ እዚያው ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን የምትኖር ልጃቸው ናት። «ለዓይኔማ ሐኪም አለልኝ። ሽመላዎቹ ግን ማን አላቸው?»

ባርኮት እጁን ከጥላው ላይ አነሣ።

«ለቤዝቦል? ጋሼ፣ ለቤዝቦል ነው የተሳሉት?»

«ቀስ በል እንጂ! ኤልፍነሽ ከሰማች ደግሞ የጭንቅላት ሐኪም ዘንድ ነው የምትወስደኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሚያዝያ ላይ ጨዋታው ሲጀመር፣ እመቤቴ፣ ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ብቻ ሽመላዎቹን ለዋንጫው ዙር አብቂልኝ አልኳት። ሐሙስ ዕለት አንተ መጥተህ ‹ገቡ› ስትለኝ ትራሴን በእንባ አራስኩት። ተደፍቼ ስለነበር አላየኸኝም።»

ባርኮት ፕላስቲኩን መልሶ መጠቅለል ጀመረ። ሽመላዎቹ አልገቡም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ድሮ፣ ባርኮት ስምንት ዓመቱ ሳለ ነው። እናቱ አበባ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ትሠራለች፤ እሑድ ሺፍት ሲደርሳት ልጇን ታችኛው ፎቅ ጋሽ መኩሪያ ዘንድ ትተወው ነበር። አርችዌይ ባለው በዚያ ሕንጻ ውስጥ ያሉ ልጆች ሁሉ፣ አንዱ አርሰናል አንዱ ቶተንሃም እያሉ በሚጣሉበት ጊዜ፣ እሱ ማንም የማያውቀውን ጨዋታ ተማረ። አሜሪካ ቀትር ሲሆን ለንደን ወደ ምሽት ያዘነብላል። ጋሽ መኩሪያ በዚያ ሰዓት መጋረጃውን ከፈት፣ ቴሌቪዥኑን ደግሞ ወደ ሶፋው ዞር አድርገው ይጠብቁታል። በቆሎ ቆሎ በሳህን ይቀርባል። እርግቦች መስኮቱ ላይ ይንጎራደዳሉ። የእነዚያ እሑዶች ሽታ፣ የተቆላ በቆሎና የጋሽ መኩሪያ የሹራብ ሽታ፣ አሁንም ድንገት ሲመጣበት ባርኮት ትንሽ ልጅ የሆነ ይመስለዋል።

ጋሽ መኩሪያ ደግሞ ጨዋታውን የተማሩት አሥመራ ነው። አባታቸው ወታደር ሆነው እዚያ ተመድበው ነበር። ቃኘው ጣቢያ የሚባል የአሜሪካኖች የጦር ሰፈር ነበረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወታደሮቹ ቤዝቦል ይጫወታሉ። የሰፈሩ ልጆች ከአጥሩ ውጪ ይሰለፋሉ። ኳስ አጥር ዘልላ ስትወጣ ተሽቀዳድመው ያመጣሉ፤ ላመጣ ማስቲካ ይሰጠዋል። አንድ ቀይ ጠጉር ያለው ተጫዋች ግን ማስቲካ ሰጥቶ አይመለስም ነበር። አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ በትልቅ ሐይቅ ዳር ስላለችው ከተማውና ሄሮንስ ስለሚባለው ቡድኑ ያወራቸዋል። ሄሮን እግረ ረጅም የውሃ ዳር ወፍ ነው ብሎ ሲያስረዳቸው ልጆቹ «ሽመላ!» አሉ። ስሙ በዚያው ጸና። ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በሰባራ ትግርኛና በሰባራ አማርኛ «ቡድኔን አደራ» ብሏቸው ሄደ።

«እንግዲህ አደራ አደራ ነው» ይሉ ነበር ጋሽ መኩሪያ። «ሌሎቹ ልጆች ረሱት። እኔ ግን አልሆነልኝም።»

የተቀበሉት አደራ ግን ሰው የሚያቃጥል ነበር። ሽመላዎቹ ሰኔ ላይ አንበሳ ናቸው፤ ሐምሌ ላይ ሁሉም ይፈራቸዋል፤ መስከረም ሲጠባ ይታመማሉ። የዋንጫው ዙር ጥቂት ቡድኖች ብቻ የሚገቡበት ነው። ሽመላዎቹም በየዓመቱ በሩ ድረስ ይደርሱና እጀታውን እንደያዙ ይወድቃሉ። ባርኮት ከልጅነቱ ጀምሮ በየመስከረሙ ሲያለቅስ፣ ጋሽ መኩሪያ በየመስከረሙ ሲሳደቡ ኖረዋል። «እጃቸው ወንፊት ነው!» ይላሉ ተጫዋቾቹን ኳስ ሲያመልጣቸው። «ይሄን ወርዋሪ ማን ነው የወለደው? ድንጋይ እንኳ ወርውሮ አያውቅም!» ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ይገናኛሉ።

ባለፉት ሁለት ዓመታት የጋሽ መኩሪያ ዓይን እየደከመ ሲሄድ፣ ሌላ ልማድ ተጀመረ። «ድምፁን ዝጋው» አሉ አንድ ቀን። «ይሄ አሜሪካዊ ምላሱ አያርፍም። አንተ ንገረኝ።» ባርኮትም ለሁሉም ነገር የአማርኛ ስም እያወጣ ይነግራቸው ጀመር። ኳስ የሚወረውረው ወርዋሪ፣ ዱላ የያዘው መቺ፣ ከመቺው ኋላ የሚቀመጠው ቀላቢ፣ መቺው ሮጦ የሚደርስባቸው አራቱ ቦታዎች ማረፊያ ሆኑ። ወፍራሙን መቺ «ድንቡሼ» አሉት። ለንደን የተወለደው ባርኮት በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ በቤት ድብልቅልቅ ያለ ቋንቋ ነበር የሚናገረው። አማርኛው የተቃናው በሽመላዎቹ ነው። እናቱ ከደረጃው ሰምታ «ይሄ ልጅ ሬዲዮ ጣቢያ ይቀጠር» ብላ ትቀልድ ነበር።

ዕንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸውን ተሠሩ። ኤልፍነሽ በር ላይ ባርኮትን ያዝ አድርጋ፣ «አባዬ የደም ግፊቱ ከፍ ብሏል፤ እንዳታናድደው ባርኪ፣ ፕሊስ» አለችው። በዚያው እሑድ ሽመላዎቹ ክፉኛ ተመቱ። ድንቡሼ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቴም ኳሷን ሳታት፤ ሦስቴ የሳተ መቺ ደግሞ ይወጣል። ጋሽ መኩሪያ ግንባራቸውን ትራስ ላይ ደፍተው፣ «እህ? ምን ሆነ?» አሉ። ባርኮት የሚያየው ማጅራታቸውን ብቻ ነበር። ፊታቸው ቢታየው ኖሮ ምናልባት አይዋሽም ነበር።

«መታት ጋሼ!» አለ። «ከፍ አለች… ከፍ አለች… አጥሩን አለፈች፣ መኪና ማቆሚያውንም አለፈች… ሐይቁ ውስጥ ገባች!»

የሽማግሌው ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «ሐይቁ ውስጥ! ድንቡሼ? የእኔ ጌታ!» በቀጣዮቹ ቀናት ለጠየቃቸው ሁሉ፣ ለነርሷ ሳይቀር፣ ስለዚያች ኳስ አወሩ። ባርኮትም በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሽንፈቱን ድል፣ ድሉን ድርብ ድል እያደረገ ይነግራቸው ጀመር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የባርኮት ውሸት ግን እያደር ከበደ፤ አንዱን ለመደገፍ ሌላ ያስፈልገው ነበር። ሐሙስ ዕለት በእሱ ሒሳብ ሽመላዎቹ ከመግባት በቀር መሄጃ አልነበራቸውም። ስለዚህ አስገባቸው።

እውነቱ ሌላ ነው። አንዲት ቦታ ቀርታለች። ሽመላዎቹና ግራጫዎቹ የሚባሉት ተቀናቃኞቻቸው እኩል ናቸው። እሑድ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ያሸነፈ ይገባል፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«ብሮ፣ ታዲያ ሲምፕል ነው» አለ ሳሚር ችፕሱን እየጎረሰ። ያው ቅዳሜ ወደ ምሽት፣ አርችዌይ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አጥር ላይ ተቀምጠዋል። ሳሚር የክፍል ጓደኛው ነው፤ ወላጆቹ ከሐረር የመጡ፣ እሱ ግን እንደ ባርኮት እዚሁ የተወለደ። «ነገ ካሸነፉ ውሸትህ እውነት ሆነ። ማንም አያውቅም። ጨዋታው እስኪያልቅ ዝም በላ።»

«ጨዋታው ማታ ነው። ጥላውን የሚያስገቡት ጠዋት ነው።»

«የምን ጥላ?»

ባርኮት ነገረው። ሳሚር መብላቱን አቆመ።

«ዌይት። ስለት? እንደ ነዝር?»

«መሰለኝ።»

«ኖ፣ ኖ፣ ኖ። አያቴ በነዝር ቀልድ አታውቅም። ሰውዬው ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ላልተደረገለት ነገር አምላኩን ሊያመሰግን ነው? ያንተን ውሸት ተሸክሞ?»

«አንተ ደግሞ ሙስሊም ነህ፤ ምን አገባህ በጥላ?»

«ወላሂ፣ ይሄ በሁሉም ቤት ያው ነው።» ሳሚር ችፕሱን አቀበለውና ራሱን ነቀነቀ። «እሱም ለቤዝቦል! ለአርሰናል ቢሆን እንኳ እሺ።»

ባርኮት ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። ሌሊቱን ተገላብጦ ሲያድር ለራሱ ብዙ ነገር አለ። ነገ የሚወረውረው ምርጡ ወርዋሪያቸው ነው። ማሸነፍ ይችላሉ። ካሸነፉ ስለቱ በእርግጥም ደርሷል፤ ጥላው በጥቂት ሰዓት ቀድሞ ገባ ማለት ነው እንጂ ምን ነውር አለው? ሒሳቡ ሲታይ ልክ ይመስላል። ግን ሒሳቡን በጨረሰ ቁጥር ጋሽ መኩሪያ ትራስ ላይ ሲያለቅሱ ይታየዋል፤ ይህን ደግሞ በምንም ሒሳብ ማስገባት አልቻለም።

በማግስቱ ጋሽ መኩሪያ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቁት። ቤተ ክርስቲያኑ ክላፋም ነው፤ በቲዩብ፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ረጅም መንገድ። ባርኮት በአንድ እጁ ክንዳቸውን፣ በሌላው ጥላውን ይዞ ወደ ባቡሩ ገባ። ኤልፍነሽ ኬንቲሽ ታውን ላይ ትሳፈራለች። በአርችዌይና በኬንቲሽ ታውን መካከል ያለው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። መናገር ካለበት ከዚያ በፊት ነው።

ፊት ለፊታቸው የተቀመጠች ትንሽ ልጅ ረጅሙን ጥቅል አፍጥጣ ታያለች። «ሰይፍ ነው?» አለች በእንግሊዝኛ።

«አይደለም» አሏት ጋሽ መኩሪያ፣ በእንግሊዝኛ፣ ፈገግ ብለው። «ለአንዲት እመቤት የምወስደው ስጦታ ነው። ትልቅ ነገር አድርጋልኛለች።»

መካከለኛው ጣቢያ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ ተዘጋ። ባርኮት አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋ። ጋሽ መኩሪያ ግን ደስ ብሏቸዋል፤ ወሬ አምሯቸዋል። «ማይኩን ሲሰጡኝ ብዙ አልናገርም። ‹የልቤን መሻት ፈጽማልኛለች› ብዬ እመለሳለሁ። ምን እንደሆነ እኔ፣ አንተና እሷ እናውቃለን። ይበቃል።»

ባቡሩ መሿለኪያው ውስጥ ቀስ አለ፤ ጭራሽ ቆመ። ሹፌሩ በድምፅ ማጉያ ከፊት ቀይ መብራት እንዳለ ተናገረ። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

«ጋሼ» አለ ባርኮት።

«አቤት።»

«ሽመላዎቹ አልገቡም።»

የጋሽ መኩሪያ ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ያልሰሙ መሰሉ። «ምን አልክ?»

«ሐሙስ ‹ገቡ› ያልኩዎት ውሸት ነው። ከግራጫዎቹ ጋር እኩል ናቸው። ዛሬ ማታ ይጋጠማሉ፤ ያሸነፈ ነው የሚገባው።» ዓይኑን ከጥላው ላይ አላነሣም። «ሊያሸንፉ ይችላሉ። ግን እስካሁን አልገቡም።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ። በጥቁሩ መነጽር ውስጥ ምን እንዳለ አይታይም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተሠሩ በኋላ። ከመጀመሪያው እሑድ።»

«እሑድ…» አሉ ቀስ ብለው። ጣታቸው በፕላስቲኩ ላይ የጥላውን ዘንግ ይዞ ቆመ። «ያቺ ሐይቅ ውስጥ የገባችው ኳስስ?»

ባርኮት ከሁሉ አብልጦ የፈራው ይህንን ነበር። «አልገባችም ጋሼ። ድንቡሼ ስቷት ነበር።»

ባቡሩ ነቅነቅ ብሎ ተነሣ። ኬንቲሽ ታውን ደረሱ። በሩ ሲከፈት ኤልፍነሽ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች፣ ቢጫ አበባ ይዛ ገባች። «እንኳን አደረሳችሁ! ውይ አባዬ፣ እንዴት አምሮብሃል! ባርኪ፣ ምነው ፊትህ? ቁርስ አልበላህም እንዴ?» ተጠጋግተው ሲቀመጡ መሃላቸው ገባች። እስከ ክላፋም ድረስ እሷ ብቻ አወራች።

ቅዳሴው አልቆ፣ ዝማሬው አልቆ፣ ዲያቆኑ ስለት ያላቸው ወደ ፊት እንዲመጡ ጠራ። አንዲት ሴት ልጇ ፈተና ስላለፈ ሻማ አስገባች፤ እልልታው ጣራውን ነካ። አንድ ሰውዬ የመኖሪያ ፈቃድ አፕላይ አድርጎ ስለተሰጠው ምንጣፍ አስገባ፤ እልል ተባለ። ጋሽ መኩሪያ ጥላውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እንደተቀመጡ ናቸው።

«አባዬ፣ ሂድ እንጂ» አለች ኤልፍነሽ በሹክሹክታ። «ሊጨርሱ ነው።»

«ዛሬ አይደለም።»

«እንዴት ዛሬ አይደለም? ይዘኸው መጥተህ! የዓይንህ ሕክምና ተሳክቶ የለም እንዴ?»

ከፊታቸው የተቀመጡት ሰዎች ዞር ብለው አዩ። አንዲት አሮጊት ጥላውን አይተው እልል ለማለት አፋቸውን አዘጋጅተው ነበር፤ መልሰው ዘጉት።

«ጊዜው አልደረሰም፤ ተይኝ አንቺ ልጅ» አሉ ጋሽ መኩሪያ። ወደ ባርኮት አልጠቆሙም፤ ስሙንም አልጠሩም። ባርኮት ግን አንገቱን ደፍቶ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የወንበሩን እንጨት ሲያይ ቆየ።

ሲመለሱ ኤልፍነሽ ተኮሳትራ ኬንቲሽ ታውን ወረደች። ቤት ሲደርሱ ጋሽ መኩሪያ በሩን ራሳቸው በዳበሳ ከፈቱ። ባርኮት ጥላውን አልጋው ሥር መልሶ ከተተ። ልብሱን አራግፎ ቆመ።

«ይቅርታ ጋሼ። እንዳይናደዱ ብዬ ነው። ኤልፍነሽ ግፊትዎ…»

«ሰምቻለሁ» አሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ስድሳ ዓመት ያህል ተናድጄባቸዋለሁ፤ አልገደሉኝም። እኔ እኮ በአንተ ዓይን ነበር የማየው።» ነጠላቸውን አውልቀው አጠፉት። «በል አሁን ሂድ። ጋደም ልበል።»

ማታ እናቱ ከሥራ ስትመለስ ባርኮት ክፍሉ ውስጥ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ጨዋታው ተጀምሯል። ምርጡ ወርዋሪ ገና ከመጀመሪያው እጁ ከድቶታል፤ ግራጫዎቹ በላይ በላዩ ይመቱታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባርኮት ትራስ ይወረውር ነበር። አሁን ለመናደድ እንኳ ሰው ያስፈልገዋል።

«እሑድ ማታ፣ ኳስ እያለ፣ አንተ እዚህ?» አለች እናቱ ጫማዋን እያወለቀች። «ምነው አልወረድክም?»

«አልተጠራሁም።»

«ድሮስ መች ተጠርተህ ታውቃለህ?»

ባርኮት ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ተነሣ፤ ደረጃውን ወረደ። በሩ ላይ ሲደርስ እጁን አንሥቶ አወረደ፤ ከውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ አይሰማም። ደግሞ አነሣና አንኳኳ። እርምጃ ተሰማ፤ ግድግዳ እየዳበሰ የሚመጣ ቀርፋፋ እርምጃ። በሩ ተከፈተ።

«ጀመረ?» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«አዎ። ከዘጠኙ አራተኛው ዙር ላይ ናቸው።»

«ስንት ለስንት?»

«ሦስት ለባዶ» አለ ባርኮት። «ግራጫዎቹ እየመሩን ነው።»

ሽማግሌው በሩን ይዘው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ መንገዱን ለቀቁለት። «ግባ። ክፈተው። ድምፁንም ክፈተው።»

ባርኮት ድምፁን ከፈተው። የፈጣኑ አሜሪካዊ ጨዋታ አስተላላፊ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። የድሮ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፤ ጋሽ መኩሪያ ከሶፋው በቀኝ፣ እሱ ከግራ። ሰውዬው ያወራል፤ ጋሽ መኩሪያ ጆሯቸውን ወደ እሱ ቀስረው፣ ግንባራቸውን አኮማትረው ይሰማሉ። ባርኮት አንዳንዴ አንድ ቃል ምላሱ ላይ ይመጣበትና ይውጠዋል። በስድስተኛው ዙር ሽመላዎቹ አንድ ነጥብ አገኙ። ማንም አላጨበጨበም።

በስምንተኛው ዙር ነገር ተለወጠ። ሁለት ሽመላዎች ማረፊያ ላይ ደረሱ። ቀጥሎ ድንቡሼ ዱላውን ትከሻው ላይ ጭኖ ወጣ። አሁን ቢመታት፣ አጥሩን ቢያሻግራት፣ ይመራሉ። ስታዲየሙ ተነሣ። አሜሪካዊው ጮኸ፤ ቃላቱ እርስ በርስ ተጣበቁ፤ ሕዝቡ በረዥሙ ኦ ሲል ሁሉም ነገር ተደበላለቀ።

ጋሽ መኩሪያ በሶፋው ጫፍ ላይ ነበሩ። «እሱ የሚለውን ትንሽ ትንሽ ሰማሁ» አሉ፣ ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ ወደ ባርኮት መልሰው። «አንተ ምን አየህ?»

ባርኮት ስክሪኑን አየ፤ ቀጥሎ ፊታቸውን አየ። ከንፈራቸው በትንሹ ተከፍቶ ይጠብቃል።

«ሳታት ጋሼ» አለ። «ሦስተኛዋን። ወደ ውጪ የወጣች ኳስ ናት፤ ዝም ብሎ ቢያሳልፋት ይሻለው ነበር። ዱላውን መሬት ላይ ወርውሮ እየወጣ ነው።»

ጋሽ መኩሪያ ትንፋሻቸውን በረዥሙ ለቀቁ። ወደ ሶፋው ተደግፈው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«እሺ» አሉ። «ቀጥል።»